የእትዬ አስካለ ፎቶ

ሰው ጡረታ ሲወጣ እንቅልፍ ይጠግባል ያለኝን ሁሉ ባገኘው አንድ ሁለት የምለው ነገር አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የአንድ ኮሌጅ ፎቶ አንሺ ሆኜ ስሠራ ጎኔ አልጋ ከነካ ጠዋት ነበር የምነቃው። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ግን ስልክ ተደወለልኝና እንቅልፍ የሚባለው ነገር ጥሎኝ ጠፋ።

የደወለችው የኮሌጁ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ናት። «እማማ ዘነቡ» አለችኝ። እማማ መባሉ ራሱ ደሜን አፈላው፤ ገና በስድሳ ዓመቴ! ዋጥ አደረግኩት። «የድሮ ፎቶዎችዎን ሰብስበን የኮሌጁን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ ልናዘጋጅ ነው። ቅዳሜ ሳምንት ይከፈታል» ስትለኝ እማማውንም ረሳሁት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እልል አልኩ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ስልክ። እትዬ አስካለ ናት፤ በተማሪዎች ምግብ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ ስትሠራ ኖራ ከእኔ በፊት ጡረታ የወጣች። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ግን «አንቱ አትበይኝ፣ ታስረጂኛለሽ» ብላ ስለከለከለችኝ እትዬ እያልኩ አንቺ ነው የምላት።

«ዘነቡዬ፣ ሰማሽ አይደል? ፎቶዬ ሊሰቀል ነው! ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ በመጨረሻ ላየው ነው! ሰናይትም ከደብረ ብርሃን ትመጣለች። ለዕድሩ ነግሬያለሁ፤ ሁለት ሚኒባስ ይዘናል።»

ሰናይት ልጇ ናት። የምትለው ፎቶ ደግሞ ሰናይት ከእኛው ኮሌጅ በተመረቀች ቀን ሁለቱ አብረው የተነሱት ነው። ክው አልኩ። እንዲህ የሚባል ፎቶ የለም። ኖሮም አያውቅም። ይህንን በምድር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ከላይ ደግሞ ጌታ።

እዚህ ጣጣ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ለማስረዳት ከሥራው መጀመሪያ መነሳት አለብኝ።

ኮሌጃችን ከጦር ኃይሎች ወደ ዘነበወርቅ ሲወረድ ታጥፎ ነው ያለው። የገባሁት በታይፒስትነት ነበር። ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ የተማሪ ስም ስቀጠቅጥ፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሱት ጋሽ ፈለቀ ረዳት ይፈልጋሉ ተባለ። የጽሕፈት መኪናው ድምፅ አናቴን ሊያፈርሰው ስለነበር ካሜራ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ ሳላውቅ እጄን አወጣሁ። የደመወዝ ልዩነቱ አይወራም።

ጋሽ ፈለቀ ጎጃሜ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። ፎቶ የሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰዓት ማየት ስለማይቻል ጊዜውን የሚለኩት በጸሎት ነው። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ይነክሩና አቡነ ዘበሰማያትን ደግመው፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ያስከትላሉ። አሜን ሲሉ ፎቶው ደርሷል። አንድ ቀን ብቻዬን አጥቤ ሳመጣላቸው ፎቶውን ወደ መስኮት ይዘው ግንባራቸውን ከሰከሱ።

«ይሄ ሰውዬ ለምን ገረጣ?»

«እንደነገሩኝ ጸልያለሁ ጋሼ።»

«ስንቱን?»

«አባታችን ሆይን። ሁለተኛውን... እኛ ቤት እኮ ጴንጤ ነን።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ እምነትሽን አልነካም። ሰውዬው ግን አልበሰለም። ከእናንተ መዝሙር ልኩ የሆነ ፈልጊለት።»

ፈለግኩለት። የእኛ መዝሙር ችግሩ አንዴ ከሞቀ አለማቆሙ ነው። አዝማቹን አራት ጊዜ ደግሜ ዓይኔን ስገልጥ የሬጅስትራሩ ኃላፊ ከሰል ሆነው ወጡ። በመጨረሻ ተደራድረን አባታችን ሆይ ሁለት ጊዜ እንዲሆን ተስማማን። ካሜራው ዲጂታል እስኪሆን ድረስ በዚህ ነው የሠራሁት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን ጸልዬ አላውቅም።

ጋሽ ፈለቀ ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር ግን ስለ ሰው ነው። የእኛ ሰው ካሜራ ሲያይ ይደርቃል። አሁን ሲያወራ፣ ሲሳደብ፣ ሲስቅ የነበረው ሰው ካሜራው ቀና ሲል እጁን ግራና ቀኝ ለጥፎ ብሔራዊ መዝሙር የሚሰማ ይመስል ቀጥ ይላል። ጋሽ ፈለቀ «ፈገግ በሉ» ብለው አያውቁም። «ፈገግ በል የተባለ ሰው ጥርሱን ነው የሚያሳይሽ» ይሉኛል። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ለሚያነሱት ሰው እፍኝ ቆሎ ያቀብሉና እሱ ሲቆረጥም ይጠብቁታል፤ የሚቆረጥም አፍ መድረቅ አይችልም።

ቆሎው ያልበገረው ሰው ሲገጥማቸው ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ፍላሿ ጀርባዋ ላይ ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ አላት፤ እሷን ስትጫናት ካሜራው ፎቶ ሳያነሳ መብራቱ ብቻ ቦግ ይላል። ሰውየው ቦግ ሲልበት «ተነሳሁ» ብሎ ትንፋሹን ይለቃል፣ ትከሻውን ያወርዳል፣ ጎኑ ያለውን ሰው ያያል። ያኔ ነው እውነተኛውን የምታነሺው። «የመጀመሪያው መብራት ለሰውየው ነው፣ ሁለተኛው ለፎቶው» ይሉ ነበር። ለአንድ ምርቃት ሁለት ጥቅል ፊልም ብቻ ሞዴል ሞልተን ከንብረት ክፍል ለምንወስድ ሰዎች ይህ ዘዴ እንጀራችን ነበር። እኔንም ያዋረደኝ እሱው ነው።

ጋሽ ፈለቀ ጡረታ ሲወጡ ካሜራውን ለእኔ፣ እኔን ለዲኖች ጥለው ሄዱ። አምስት ዲን አሳልፌያለሁ። አንዱ ከጀርባው ዛፍ ከሌለ ፎቶ አይነሳም። አንዱ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ይያዝ ይላል፤ የመኪና ጥገናውን ሠራተኛ እንኳ በዘይት እጁ መዝገበ ቃላት አስይዞ አስነስቶኛል። የማልረሳው ግን ሦስተኛውን ነው። እኚህ ሰው ውጭ አገር ስብሰባ ሄደው ተመለሱና «ዘነቡ፣ የቆመ ሰው ሰለቸኝ። የዕለት ተዕለት ኑሯችንን፣ ተፈጥሯዊውን አንሽልኝ» አሉኝ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ምን ተለጥፎ ባገኝ ጥሩ ነው?

«ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ፎቶ ስለሚነሳ፣ መላው የኮሌጁ ማኅበረሰብ ሙሉ ልብስ ለብሶ በተፈጥሯዊ ሁኔታ እንዲገኝ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ወይ ጉድ! ጠዋት ስገባ አትክልተኛው በሠርጉ ሱፍ ጽጌረዳ እያጠጣ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ እንዲህ ሞልቶ አይታ የማታውቀው ኃላፊዋ ሮጣ መጥታ «አድማ ነው እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ፊልሙን አጥቤ ሳየው አሥራ አንድ ወንዶች አንድ ዓይነት ከረባት አድርገዋል። ከረባቱ የዘበኛው ነው፤ በር ላይ ቆሞ ሲያከራይ ውሏል። ዲኑ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ራሳቸውን በደስታ ነቅንቀው «ይሄ ነው ተፈጥሯዊ ማለት» አሉ።

ነፋሱንም መቁጠር ነበረብኝ። ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል የነፈሰ ቀን የቡድን ፎቶ አይታሰብም። ይህንን ሳላውቅ ያነሳሁት የመጀመሪያው የመምህራን ፎቶ ላይ አርባ ሁለት ሰው አፍንጫውን ሸብሽቦ እኔን በንቀት ያየኛል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ መሐረቤን አውጥቼ ነፋሱን አያለሁ፣ ከዚያ ነው ሰው የማሰልፈው።

የዕለት ተዕለት ኑሮ በተፈጥሮው የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ተማሪዎች ምግብ ቤት። የራበው ሰው ለካሜራ አይደርቅም። ሰልፉን፣ ሳህኑን፣ የእትዬ አስካለን ጭልፋ ስንት ጊዜ አንስቻለሁ! በካሜራዬ እያየሁ ነው አንድ ቀን የጭልፋዋ ባለቤትና ሳህን የዘረጋችው ተማሪ አንድ ዓይነት ግንባር እንዳላቸው የገባኝ። ልጅቷ ግን «እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይጨምሩልኝ» ብላ እንደማንም አልፋ ሄደች። ቆይቼ ወደ ድስቱ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ ያቺ ልጅ ዘመድሽ ናት?» አልኳት።

«ልጄ ናት። ዝም በይ» አለችኝና ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች።

ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰናይት በዚያ ሰልፍ አለፈች፣ ሦስት ዓመት «እትዬ» እና «እርስዎ» አለቻት። በልቤ ልጅቷን ጠምጄ ይዣት ነበር። የእናቷ ሽርጥ አሳፍሯት ነው ብዬ ደመደምኩ።

የምርቃቱ ቀን ምግብ ቤቱ በተመራቂና በዘመድ ጢም ብሎ፣ ሰልፉ እስከ ደጅ ወጥቶ ሳለ ሰናይት በጋዋኗ መጥታ እናቷን ከድስቱ ሥር እየጎተተች አወጣቻት። እትዬ አስካለ «ተይኝ፣ ልብሴን ልቀይር» ትላለች፤ ልጅቷ አትሰማም። «ዘነቡ ፎቶ! ከእማዬ ጋር አንሺን!» አለች፣ ሰው ሁሉ ዞር እስኪል ጮክ ብላ። እማዬ! ጭልፋ ይዛ የነበረችው ረዳት ወጡን ሳህን አሳልፋ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

ቀና አድርጌ አየኋቸው። ሁለቱም እንጨት ሆነዋል። ቆሎ የለኝም። መሞከሪያዋን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ፍላሹ ቦግ አለ። ሰናይት ትንፋሿን ስትለቅ አየሁ፤ ጋሽ ፈለቀ የሚሉት ሰዓት መጣ፤ ጣቴ መጫኛው ላይ ነው። ልክ ያኔ ዲኑ ከጀርባዬ ክንዴን አፈፍ አድርገው «የክብር እንግዳው ሊሄዱ ነው፣ አንቺ እዚህ ከወጥ ሠሪ ጋር ትጫወቻለሽ?» ብለው ጎተቱኝ። ዘወር አልኩ። ተመልሼ ሳይ ሰልፉ በመካከላችን ገብቷል።

«ተነሳን?» አለች እትዬ አስካለ ከሰው ኋላ።

«ተነስታችኋል! ቆንጆ ወጥቷል!» አልኩ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ተመልሼ አነሳቸዋለሁ ብዬ ነበር። ስመለስ ጋዋን ተመላሽ ተደርጎ ሰናይት ከጓደኞቿ ጋር ሄዳለች። ሰኞ ምደባ ወጣ፣ ደብረ ብርሃን ደረሳት፤ በሳምንቱ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው የውሸት ታሪክ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ መጀመሪያ ፊልሙ ታጥቦ አላለቀም አልኳት። ቀጥሎ ጦር ኃይሎች ፎቶ ቤት ሰጥቼዋለሁ አልኩ። መንገድ ሥራ መጥቶ ያ የፎቶ ቤቶች ረድፍ ሲፈርስ ሰፈሩ ሁሉ ሲያዝን እኔ ብቻ «ተመስገን» አልኩ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ዲጂታል ሲመጣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ቫይረስ ያዘው አልኳት። በየወሩ «ዳነ?» ትለኛለች። «እየተሻለው ነው» እላለሁ።

እሷ ደግሞ ፎቶው ቶሎ እንዲደርስላት ብላ በሥጋ ቀን ትልቅ ትልቁን እየመረጠች ሳህኔ ላይ ትከምራለች። ጡረታ እስክትወጣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ! ቀሚሶቼ ሁሉ ጠበቡኝ። ወፍሬ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ሐኪሙ «ምንድን ነው የምትበዪው?» አለኝ። «ውሸት» ልለው ምንም አልቀረኝም።

እንግዲህ ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ ሁለት ሚኒባስ ዕድርተኛ ፊት ከምዋረድ ብዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ ዘነበወርቅ ቤቷ ሄድኩ። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ምንም ያልተሰቀለበት ሚስማር አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«እትዬ፣ ፎቶው የለም» አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

«ኮሌጅ ወሰዱት?»

«አልተነሳም። ያኔ የበራው ፍላሹ ብቻ ነው። ካሜራውን አልተጫንኩትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስዋሽሽ ነው የኖርኩት።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ብድግ አለች። «አሥራ ሦስት ዓመት! ለዲኑ ያልሰጠሁትን ሥጋ እየመረጥኩ!»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ቅልጥም ሰጥቼሻለሁ እኮ!»

«በልቼዋለሁ። ይቅር በዪኝ።»

ወደ ጓዳ ገባች። የብረት ድስት ክዳን ሲጮኽ፣ የሆነ ነገር ሲወረወር ይሰማኛል። ልሂድ ልቀመጥ እያልኩ በሩን ሳይ ቆየሁ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ከፊቴ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ አታውቂም» አለችኝ። «እትዬ በይኝ ያልኳት እኔ ነኝ። የገባች ቀን "እዚህ እናትሽ አይደለሁም፤ አንድ ጭልፋ ብጨምርልሽ አደላች ይሉኛል" አልኳት። ልጄ ታዛዥ ናት። ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ብትሳሳት ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ። ታዝዛ ነው ወይስ ተመችቷት ነው እያልኩ።»

ልጅቷን ጠምጄ የኖርኩት እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ከዚያ በምርቃቱ ቀን ጎትታ አወጣችኝ። ከልቧ ይሁን ለወጉ ይሁን አላውቅም። ፊቷን አላየሁትማ! ወደ ካሜራሽ ነበር የማፈጠው። ፎቶው ሲመጣ አየዋለሁ ብዬ። ይኸው ስጠብቅ።»

ይሄኔ ነው የገባኝ። ያንን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ፊቷን። ጣቴ መጫኛው ላይ ሆኖ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየኋት ነበር። ቆቧ ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር። ሽርጥሽ ላይ፣ በዚህ በኩል፣ ድልህ ፈሶበታል። አንቺ ሐውልት ሆነሻል። ዓይንሽ ውኃ ሞልቶ ነበር።»

«ሽንኩርት ነው» አለች ቶሎ ብላ።

«እሺ፣ ሽንኩርት። ፍላሹ ሲበራ ትንፋሿን ለቀቀችና ሽርጥሽን ከጎን ጨምድዳ ያዘች።»

«ይዛኝ ነበር?»

«ይዛሽ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ አላየችም። ዞራ አንቺን አየችሽ።»

«እንዴት አድርጋ?»

ቃል ፈለግኩ። ስንት ሺህ ፊት አንስቻለሁ፣ አንዱንም በቃል ተናግሬ አላውቅም። «አገጯን ቀና አድርጋ» አልኳት። «ይቺ የእኔ ናት እንደማለት። የሚከራከር ካለ ይምጣ እንደማለት።»

«አላፈረችም?»

«ኧረ ምን በወጣት!»

«ሰው እያየ?»

«ሰው ሁሉ እያየ እትዬ። ሰልፉ በሙሉ እያየ።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ዱካ ላይ ተቀምጠን ተነፋረቅን። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና «አንቺ ሌባ፣ ብርቱካኑን አምጪው» አለችኝ። ልጣጩን ስልጥላት «እስቲ ከቆቡ ጀምሪልኝ» አለች። እንደገና ከቆቡ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ሁለቱም ሚኒባሶች ሞልተው መጡ። ሰናይት ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ከእናቷ ጎን። ዕድርተኛው አዳራሹን ዞሮ፣ ባለ አንድ ከረባቶቹን አይቶ ስቆ፣ በመጨረሻ ያንን ፎቶ መፈለግ ጀመረ። እትዬ አስካለ እጄን ይዛ መሃል አቆመችኝ። «ንገሪያቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው፤ ቆቡን፣ ድልሁን፣ የተጨመደደውን ሽርጥ፣ ያንን አገጭ። ሽንኩርቱንም አልረሳሁ። ሰናይት መጀመሪያ ሳቀች፣ ሽርጡ ጋ ስደርስ ግን ፊቷን ወደ እናቷ ትከሻ አዞረች።

ስጨርስ የዕድሩ ዳኛ፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ያለ ሽማግሌ፣ ግድግዳውን አንዴ በመነጽራቸው አንዴ ያለ መነጽራቸው ካዩ በኋላ «መልካም። ታዲያ ፎቶው የታለ?» አሉ።

እትዬ አስካለ ተቆጣች። «አሁን አሳየችዎት እኮ!» አለቻቸው።